ያልተንበረከከው አምስተኛ ሰው

ከቻይና የተመለሰ ወገናችን ሁሉ አንድ ዓይነት ስብከት ይዞ ይመጣል። ሻንጣውን ሳይፈታ «ሰዎቹ ታሪካቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ ባያችሁ!» ይለናል። ሐይቁ ንጹሕ ነው፤ ፓጎዳው ታድሷል፤ ወጣቱ በጥንታዊ ልብስ አጊጦ አያቶቹ በተሻገሩበት ድልድይ ላይ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ ስብከቱ ወደ እኛ ይዞራል፦ እኛ በታሪካችን እንጨቃጨቅበታለን፣ እነርሱ ይኮሩበታል፤ እኛ እናፈርሳለን፣ እነርሱ ያድሳሉ። ይህንን ከነጋዴውም፣ ለአጭር ሥልጠና ከተላከው ሹምም፣ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ከተመለሰው መምህርም ሰምቼዋለሁ። በቅርቡ እኔም ኢዉ በምትባለው የንግድ ከተማ የነበረኝን ጉዳይ ጨርሼ በፈጣኑ ባቡር ወደ ሃንግዡ ተሻገርኩና ሦስት ቀን ቆየሁ። ስብከቱ በተወለደበት ስፍራ ስብከቱን ለመመርመር ይህ መልካም አጋጣሚ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ለሰባኪዎቹ የሚገባቸውን ልስጥ። የሃንግዡ ምዕራብ ሐይቅ ውብ ነው። በሦስት ወገን ኮረብታ፣ በአንድ ወገን ከተማ ያቀፈው ይህ ውኃ የተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን የሰው እጅ ሥራም ነው። ከ1089 እስከ 1091 የከተማይቱ ገዢ የነበረው ባለቅኔው ሱ ዶንግፖ፣ ሐይቁ በደለልና በአረም ሊዋጥ ሲቃረብ አስጠርጎ፣ በወጣው ጭቃ ከደቡብ ዳርቻ እስከ ሰሜን ዳርቻ የሚዘልቅ፣ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግር መንገድ አሠራበት። ዛሬም የከተማው ሰው በማለዳ የሚሄደው በዚያው ላይ ነው። ግጥም የሚጽፍ ሹም ጭቃ ማስጠረግም ይችል እንደነበር ማሰብ ደስ ያሰኛል። የዘመናችን ሹማምንትም ምስጋና አይነፈጋቸው፤ በ2002 የሐይቁን ዳርቻ መናፈሻዎች አጥር አንሥተው መግቢያውን ነጻ አደረጉት፤ በ2011 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። (ስለ አዲስ አበባ የአጥር ፍቅር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።)

በደቡብ በኩል የሚታየው የሌይፈንግ ፓጎዳ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ በ1924 ፈረሰ። ጡቡ በሽታን ያርቃል፣ ልጅ ያሰጣል እየተባለ ሕዝቡ ከሥሩ እየሸረፈ ሲወስድ ኖሮ አንድ ቀን ተንዶ ወደቀ። ዛሬ የቆመው በ2002 የተጠናቀቀ፣ በብረት የተዋቀረና አሳንሰር የተገጠመለት ሕንፃ ነው። ይህም ይሁን፤ አሳንሰር ያለው ፓጎዳ ማንንም አይጎዳም። የኔ ጠብ ከሌላ ጋር ነው።

ጠቤ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከኮረብታው ግርጌ ካለው ቅጥር ግቢ ጋር ነው። እዚያ የተቀበረው ጄኔራል ዩዌ ፌይ ይባላል፤ የቻይና ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር የሚሰማው ስም ነው። በ1103 ከገበሬ ቤት ተወልዶ በጦር ሜዳ ብቃቱ ከታላላቆቹ አዛዦች ተርታ ገባ። በጀርባው ላይ፣ ሀገርን በፍጹም ታማኝነት ማገልገልን የሚናገሩ አራት ፊደላት ተነቅሰውበት ነበር ይባላል። ዘመኑ ክፉ ነበር። በ1127 ከሰሜን የመጡት ጁርቸኖች የሶንግን ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ ካይፈንግን ይዘው፣ ንጉሠ ነገሥቱን ቺንዞንግንና ዙፋኑን ለልጁ ለቅቆ የነበረውን አባቱን ሁይዞንግን ማርከው ወሰዱ። ከምርኮው ያመለጠው የንጉሡ ወንድም ጋኦዞንግ በደቡብ ነገሠ፤ ከብዙ መንከራተትም በኋላ በ1138 ሃንግዡን መናገሻው አደረጋት። በይፋ ስሟ ጊዜያዊ ማረፊያ ነበር፤ ንጉሡ ወደ ካይፈንግ እስኪመለስ ድረስ ማለት ነው። ጊዜያዊው ማረፊያ ሞንጎሎች እስከ ያዙት እስከ 1276 ድረስ ዘለቀ።

ዩዌ ፌይ መመለሱን ከልቡ ያመነ ሰው ነበር። በ1140 ወደ ሰሜን ዘምቶ ጁርቸኖቹን ደጋግሞ ድል ነሣ፤ ወደ ካይፈንግ በተቃረበ ጊዜ ግን ተመለስ የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ትውፊቱ በአንድ ቀን ብቻ አሥራ ሁለት አስቸኳይ ትእዛዝ ተላከበት ይላል። ተመለሰ። በ1141 ከሌሎች ሁለት ታላላቅ አዛዦች ጋር ጦሩ ከእጁ ተወስዶ፣ በስም ከፍ ወዳለ የቤተ መንግሥት ሹመት ተዛወረ። (ይህን ዓይነቱን «ዕድገት» ለሀገሬ አንባቢ ማብራራት አያሻኝም።) በዚያው ዓመት በክህደት ሤራ ተከስሶ ታሰረ። የጦር ባልደረባው ሃን ሺዦንግ ማስረጃው የት አለ ብሎ ዋና ሚኒስትሩን ቺን ሁዊን ቢጠይቀው፣ ምናልባት አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም የሚል መልስ እንደተሰጠው ተጽፏል። መልሱ በቻይንኛ ሦስት ፊደል ነው፤ እስከ ዛሬም የፈጠራ ክስ ሁሉ በእነዚያው ሦስት ፊደላት ይጠራል። በ1142 መግቢያ ዩዌ ፌይ በእስር ላይ ሳለ ተገደለ፤ ልጁ ዩዌ ዩንም አብሮ ሞተ። በዚያው ሰሞን የሰላሙ ውል ተቋጨ። የሶንግ መንግሥት ከሁዋይ ወንዝ በስተሰሜን ያለውን ግዛት ሊተው፣ በየዓመቱ 250,000 ሊያንግ ብርና 250,000 ጥቅል ሐር ሊገብር፣ ጋኦዞንግም ለጁርቸኖቹ ንጉሠ ነገሥት ተገዢነቱን ሊያምን ተስማማ።

አሁን ወደ መቃብሩ ልውሰዳችሁ። የአባትና የልጅ መቃብር ጎን ለጎን ነው። ከፊት ለፊታቸው አራት የብረት ሐውልቶች ተንበርክከዋል፤ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ናቸው፣ እጃቸው የፊጥኝ ታስሯል። አንደኛው ቺን ሁዊ ነው፤ ሁለተኛዋ ሚስቱ ወይዘሮ ዋንግ፤ ሦስተኛው ምርመራውን የመራው ሞቺ ሺዬ፤ አራተኛው ባልደረባውን በማስወንጀል የተባበረው ጄኔራል ዣንግ ጁን። መጀመሪያ በሚንግ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሦስት ሆነው ተሠሩ፤ ዣንግ ጁን በኋላ ተጨመረ። ሕዝብ እየቀጠቀጠ ሲሰባብራቸው ደጋግመው እንደገና ተሠርተዋል። በ1966 የባህል አብዮት ሲፈነዳ ጀግናው ራሱ አልተረፈም፤ መቃብሩ ወደመ፤ በ1979 ተጠገነ፤ አራቱም ወደ ጉልበታቸው ተመለሱ። ዛሬ ዙሪያቸውን የብረት አጥር አለ፤ ጎብኚዎች እንዳይተፉባቸው የሚያሳስብ ጽሑፍም አለ። ለምን እንዳስፈለገ መቼም ይገባችኋል።

እኔ በሄድኩበት ቀን አንድ አባት የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሐውልቶቹን በጣቱ እያሳየ ስማቸውን ያስጠናው ነበር። ልጁ ስም በጠራ ቁጥር በትንሿ እጁ አየሩን በጥፊ ይመታል። ሰዉ ይስቃል። አስጎብኚያችን፣ ትሕትናዋ የማይረሳኝ ወጣት፣ እነዚህ ሀገራቸውን የሸጡ ናቸው ብላ አስረዳችን። እኛም ለዚህ ከጣሊያን የወረስነው ቃል አለን፣ «ባንዳ» እንላለን አልኳት፤ ቃሉን ደጋግማ አለችውና ወደደችው። በማግስቱ ለቁርስ የቀረበልኝ በዘይት የተጠበሰ ረጅም ሊጥ እንኳ የዚሁ ታሪክ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። እንደ ትውፊቱ ሁለቱ የተጣበቁ የሊጥ ዘንጎች ቺን ሁዊና ሚስቱ ናቸው፤ ሕዝብ በዘይት ሊቀቅላቸው ስላልቻለ ሊጣቸውን ቀቀለ። እኛ ቦምቦሊኖ በሻይ እንደምንበላው ቻይናዊው ከሃዲዎቹን በትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ይበላቸዋል። ከሞት በኋላ ያለ ፍርድ እንዲህ ተሟልቶ አይቼ አላውቅም፤ ማጎንበሻው፣ መተፊያው፣ ማኘኪያው ሁሉ ተዘጋጅቷል።

ታዲያ አምስተኛው የት አለ?

ጥያቄዬን ለአስጎብኚዋ አቀረብኩላት። ትእዛዙን የሰጠው ንጉሥ ሐውልት የቱ ጋ ነው? ፈገግ አለችና ንጉሠ ነገሥቱ በክፉ አማካሪዎች ተታልሎ ነበር አለችኝ። በእርሷ አልፈርድም፤ እርሷ የተማረችውን ነገረችኝ። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ከአያቶቼ አፍ የሰማሁት ይህንኑ ነው፦ ጃንሆይ አያውቁም፣ የሚያጠፉት ከሥር ያሉት ናቸው። አባቶቻችን ነገሩን ጨርሰው ተናግረውታል፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። የሃንግዡው ግቢ ይህ ተረት በብረትና በድንጋይ የተሠራበት ስፍራ ነው።

«ተታልሎ ነው» የሚለውን እስቲ እንመርምረው። ቺን ሁዊን ዋና ሚኒስትር ያደረገው ጋኦዞንግ ነው፤ በ1132 ያባረረውም፣ ቆይቶ መልሶ የሾመውም እርሱው ነው። የፈለገውን መሻር የሚችል ንጉሥ የአገልጋዩ እስረኛ አይደለም። የዩዌ ፌይን መገደል የሥርወ መንግሥቱ ይፋዊ ታሪክ ራሱ የሚመዘግበው በንጉሡ ዜና መዋዕል ውስጥ፣ ንጉሡ ለባለሟሉ ሞትን እንደ «ሰጠ» አድርጎ ነው፤ በቤተ መንግሥት ቋንቋ ሞትም ስጦታ ነው። ቺን ሁዊ በ1155 ሞተ። አሳሳች የተባለው ሰው ከተቀበረ በኋላ ጋኦዞንግ ሰባት ዓመት ነገሠ፤ በእነዚያ ሰባት ዓመታት የዩዌ ፌይን ስም አላነጻም። ይባስ ብሎ በ1156 ባወጣው ዐዋጅ፣ የሰላሙ ፖሊሲ ከራሱ ፈቃድ የመነጨ እንደነበርና ቺን ሁዊ የረዳው ብቻ እንደሆነ ለሕዝቡ አስታወቀ። ዐዋጁ የሚናገረው ስለ ሰላሙ እንጂ ስለ ግድያው አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በአራቱ ላይ የተጫነው ዋናው ወንጀል «ሀገር ሸጡ» የሚለው ነውና፣ ሻጩ በገዛ ማኅተሙ እኔ ነኝ ካለ ስምንት መቶ ዓመት ከስድሳ አለፈው። የዩዌ ፌይን ስም ያነጻውና አጽሙን በክብር ያስቀበረው በ1162 የነገሠው የማደጎ ልጁ ሺያኦዞንግ ነው።

ምክንያቱም ቢሆን ያን ያህል የተሰወረ አልነበረም። የሶንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች በ960 ዙፋን የያዘው ከጦር አዛዥነት ተነሥቶ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ድል የሚያደርግ ጄኔራል ከጠላት እኩል ያስፈራ ነበር። ከዚህ ሌላ ደግሞ ያ የተማረከ ወንድም አለ። ዩዌ ፌይ ድል ቢያደርግ፣ ቺንዞንግ ከምርኮ ቢመለስ፣ ዙፋኑ የማን ነው? በውሉ መሠረት በ1142 የጋኦዞንግ እናት ከሰሜን ተመለሰች። ወንድሙ በምርኮ እንዳለ ሞተ።

ይህን ሁሉ ያወቀ ጎብኚ በማግስቱ ወደ ደሾው ቤተ መንግሥት ቢሄድ ምን እንደሚሰማው ልንገራችሁ። ጋኦዞንግ በ1162 ዙፋኑን ለማደጎ ልጁ ለቅቆ ጡረታ የወጣበት ግቢ ነው። በዚያ ሃያ አምስት ዓመት ኖረ። ምዕራብ ሐይቅን ሲመኝ እንዳይደክም ልጁ በግቢው ውስጥ ትንሽ ምዕራብ ሐይቅ አስቆፈረለት። በ1187 በሰማንያ ዓመቱ አልጋው ላይ አረፈ። የዩዌ ፌይ ዕድሜ አርባ አልሞላም ነበር። ከኅዳር 2022 ጀምሮ ይህ ስፍራ በቁፋሮ በተገኘው መሠረት ላይ ታላቅ አዳራሽ የተሠራለት ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ክፍት ነው። ቀይ ግንቡ በከተማይቱ ካሉት ተወዳጅ የፎቶግራፍ ቦታዎች አንዱ ሆኗል፤ ሃንፉ የሚባለውን የጥንት ቀሚስ ተከራይተው የለበሱ ልጃገረዶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ደግሞ ይህን ስሙ፦ ግቢው ቀድሞ የቺን ሁዊ መኖሪያ ነበር፤ ሚኒስትሩ ሲሞት ወደ ዘውዱ ተመለሰ። ሎሌው ብረት ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ይተፋበታል፤ ጌታው በሎሌው መሬት ላይ አዲስ አዳራሽ ተሠርቶለት ፎቶግራፍ ይነሡበታል። ሁለቱን ስፍራዎች አንድ ከተማ ያስተዳድራቸዋል፤ አንድ የጉብኝት መርሐ ግብር ከጠዋትና ከሰዓት በኋላ ያስጎበኛቸዋል።

አንዳንዱ ወዳጄ «ቱሪስት ነህ፣ ሐይቁን አይተህ ተመለስ፤ የስምንት መቶ ዓመት ሬሳ ምን አደረገህ?» ሊለኝ ይችላል። ሬሳውስ ምንም አላደረገኝ። የሚያሳስበኝ በአባቱ ትከሻ ላይ ያለው ልጅ ነው። ይህ ግቢ የሚያስተምረው ጀግና ሲገደል ተጠያቂው ከዙፋኑ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ እንደሚፈለግ ነው። ትምህርቱ ለየትኛውም ዙፋን እንደሚመች ማስረጃው ቺያንሎንግ ነው። ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ማንቹ ነው፤ ማንቹዎች ደግሞ ዩዌ ፌይ ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋቸው የጁርቸኖች ዘር ናቸው። ሆኖም ቺያንሎንግ ዩዌ ፌይን በብዕሩ አወድሷል። ምን አስገረማችሁ? እርሱ ያየው ድል እያደረገ ሳለ ተመለስ ሲባል የተመለሰውን፣ ሙት ሲባል የሞተውን ሎሌ ነው። እንዲህ ያለ ሎሌ ከየትኛው ወገን ቢመጣ ለንጉሥ ውድ ነው።

ስለ ሚስቲቱም አንድ ቃል ልበል። ባሏን ወደ ግድያው ገፋፋችው የሚለው በኋለኛው ዘመን ተረትና ቲያትር የዳበረ ነገር ነው። ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ ናት። ለሚስት የሚሆን ብረት ተገኘ፤ ለባለ ማኅተሙ ሲሆን ግን ጠፋ።

ቻይናውያን ይህን አልጠየቁም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሰባኪዎቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ2005 ጂን ፈንግ የተባለ ሠዓሊ ሻንግሃይ ላይ ቺን ሁዊንና ሚስቱን ቆመው የሚያሳይ ሐውልት አቀረበ፤ 492 ዓመት ተንበርክከን ኖርን፣ እስቲ ቆመን እንረፍ የሚል ስም ሰጠው። ሀገሩ ተናወጠ፤ ከሃዲን ለማንጻት ነው ተባለ። ሠዓሊው እንዲያው ሰው ሁሉ መቆም ይገባዋል ነው ያለው፤ እኔ ከእርሱ ጋር እስከዚያ አልሄድም። ቺን ሁዊ በደለኛ ነው፤ እንደ ተንበረከከ ቢቆይ አይቆጨኝም። በ2023 ደግሞ ዣንግ ዪሞው ስለዚሁ ታሪክ የሠራው ፊልም ሲኒማ ቤቱን አጥለቀለቀው። በዚያም ላይ ተመልካች የሚነሣው ሚኒስትሩን ጠልቶ ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ ሰባኪዎች ልመለስ። «እኛ በታሪካችን እንጨቃጨቃለን» ትሉናላችሁ። አዎን፣ እንጨቃጨቃለን፤ ብዙ ጊዜም ያለ ሥርዓት፣ በስድብ፣ በማስረጃ ድህነት። ነገር ግን ከጭቅጭቃችን መካከል ምኒልክም፣ ኃይለ ሥላሴም፣ መንግሥቱም፣ መለስም በስማቸው እየተጠሩ ይከሰሳሉ፣ ይሟገትላቸዋል። ተረቱን ወርሰን ሳለ በተረቱ አልኖርንም፤ ይህን ያህል ተራምደናል። ይህንን ለውጠን የምንወስደው ምንድን ነው? በጥሩ ቀለም የተቀባ አጥር፣ የተጠረገ መንገድና ዙፋኑን የማይነካ ፍርድ? እድሳትን አልጠላሁም፤ ሃንግዡ ካደሰችው ግማሹን እንኳ ብናድስ ደስታዬ ነው። የምለምናችሁ፣ ቅርስ ጠባቂነትን ስታደንቁ የተጠበቀው ፍርድ የማን እንደሆነ እንድትጠይቁ ነው።

ወደ ሃንግዡ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከአራቱ ሐውልቶች ፊት ብዙ አትቁሙ። በዚያው ግቢ የድንጋይ ጽሑፎች የተደረደሩበት መተላለፊያ አለ፤ ሰው ስለማይበዛበት በእርጋታ ታዩታላችሁ። ከ1470 እስከ 1559 የኖረው የሚንግ ዘመን ሠዓሊና ባለቅኔ ወን ዠንግሚንግ ስለዚህ ግድያ የጻፈው ግጥም በድንጋይ ተቀርጾ እዚያ ይገኛል። ባለቅኔው ጋኦዞንግ ለዩዌ ፌይ በአመኔታው ዘመን የላከለትን ደብዳቤ ከተቀረጸበት ድንጋይ ላይ አንብቦ፣ የተማረከው ወንድም ቢመለስ የዚህ ንጉሥ ዙፋን ምን ይሆን ነበር ብሎ ጠይቋል፤ ቺን ሁዊንም የጌታውን ፍላጎት ያወቀ ተራ ሰው አድርጎ አሳልፎታል። ሐውልቶቹ ሲሠሩ በሕይወት የነበረ ሰው ነው። አምስተኛውን የከሰሰው ድንጋይ ከአራቱ ብረቶች ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ እኔ ባለፍኩበት ሰዓት ከፊቱ ማንም አልነበረም።